ሙዝ የተሰቀለበት ድንኳን

እትዬ ባሎቴ ያረፈች ዕለት የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ሲቀላ ሰፈርን ከዳር እስከ ዳር ዞሮ ተናገረ። የሰማው ሁሉ ግን ወዲያው አላመነም። ፀጉር አስተካካዩ ሙሉጌታ ምላጩን ከደንበኛው አገጭ ላይ ሳያነሣ፣ «ዛሬ ደግሞ የማንን ሥዕል ልታሳየን ነው?» አለ አሉ። ዓሣ ጠባሿ አስቴር «መጀመሪያ ሙዙን ልይ» ብላ ሽርጧን ሳትፈታ መጣች።

ድንኳኑ ጋ የደረሰ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ የመግቢያውን ምሰሶ ያያል። ሙዝ የለም። ያን ጊዜ ነው ነጠላው የሚዘቀዘቀው፣ ለቅሶውም የሚጀመረው።

እኔ ጥግ ተቀምጬ ይህን አይ ነበር። ዓይኔ እያለቀሰ በልቤ ሳቅሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እሷ ብታየው ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ ከመጀመሪያው ልናገር።

እትዬ ባሎቴ ከጋሞ ደጋ፣ ከካምባ፣ በወጣትነቷ መጥታ ሲቀላ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙ ሳይርቅ፣ ጭማቂ ቤት የከፈተች ሴት ናት። ባሏ ቀድሟት አርፏል። ልጅ አልወለደችም። እኔም ባሌ ካረፈ በኋላ ልጆቼን የማሳድግበት ሥራ ፍለጋ ስዞር ከደጇ ደረስኩ።

«ማንጎ መላጥ ትችያለሽ?» አለችኝ።

«እችላለሁ።»

«ዝም ማለትስ?»

ዝም አልኩ። ሳቀችና ሽርጥ ወረወረችልኝ። «ጥሩ ነው። እኔ ለሁለታችን አወራለሁ።»

እንዳለችውም አወራች። አንድም ቀን ሲጎድልባት አላየሁም። በመጀመሪያው ሳምንት «እርስዎ» ስላት ዞር ብላ ወደ ኋላዋ አየች። «እርስዎ ስትይኝ ከጀርባዬ ሌላ ሴትዮ የቆመች ይመስለኛል። ተዪው፣ ቤቱ ጠባብ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ዛሬም «አንቱ» ሳልላት ብጽፍ ንቄያት አይደለም፤ የራሷ ትእዛዝ ነው። አማርኛዋ ከካምባ አብሯት የመጣ ነበር። ስትቸኩል ወንዱን «ነይ»፣ ሴቷን «ና» ትላለች። ወጣቶች ከሳቁባት «መጣ አይደል እንዴ? ታዲያ ምን ቀረው?» ብላ ትመልሳለች።

እሷ የወንጌል አማኝ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። በዚህ አንድም ቀን አልተጣላንም። የሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመጣ «ቅዳሴው አልቋል?» ትለኛለች። ያላለቀ ከመሰላት ከደጅ ትመልሰኛለች። «ግማሽ ቅዳሴ ይዘሽ ማንጎዬን አትንኪ።» በዐቢይ ጾም ቤቱ በእኛ ሰው ይሞላል፤ አቮካዶውም ፓፓያውም አይበቃም። ያን ጊዜ በጆሮዬ፣ «የእናንተ ጾም ነው እኮ እኔን ቁርስ የሚያበላኝ» ትለኛለች።

የሥዕል ነገር የመጣው በዳዊት ነው። ዳዊት የሱቅ ማስታወቂያ በእጁ የሚጽፍ ሠዓሊ ነበር። ባነር ማተሚያ ሲመጣ ሥራው ቀዘቀዘ። እትዬ ባሎቴ የጭማቂ ቤቱን ግድግዳ እያሳየች «እንካ፣ ይህ ሁሉ ያንተ ነው» አለችው። እሱም ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ሙዝ ሣለበት። በጣም ከማማሩ የተነሣ ችግር ተፈጠረ። ደንበኞች ብርጭቋቸውን እያዩ «ከግድግዳው ላይ ካለው አድርጊልን፣ ይኼኛው ቀጠነ» ይሉ ጀመር። እሷ በደስታ ልትሞት።

ከዚያ ወዲያ ሌሎች ሠዓሊዎችም ሥራቸውን ያመጡላት ጀመር። እሷ ሥዕል የምታይበት የራሷ ሥርዓት ነበራት። መጀመሪያ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች። ቀጥላ ሌላውን። ከዚያ ማንጎ እንደምትመርጥበት ሁሉ ፍሬሙን በጥፍሯ መታ መታ ታደርጋለች። ፍርዱ ሁለት ብቻ ነው። ወይ «በስሏል» ትላለች፤ ወይ «ገና ነው፣ ገለባ ውስጥ አሳድረው» ብላ ትመልሳለች። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ አንድ መምህር ሥዕሉ ሦስት ጊዜ ተመልሶበት አራተኛው ላይ «በስሏል» ስትለው አቅፎ ሳማት።

ግድግዳዋ ሲሞላ ወደ ጎረቤት ተሻገረች። ሙሉጌታ ፀጉር ቤት ገብታ «አንተ! ግድግዳህ ራቁቱን ነው፣ አታፍርም?» አለችው። ልብስ ሰፊውንም እንዲሁ። በዓሣ ጥብስ ቤቱ፣ በአስቴር ዘንድ፣ አፉን የከፈተ ትልቅ የአዞ ሥዕል ተሰቀለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአስቴር ደንበኞች ሁሉ ፊታቸውን ወደ አዞው አዙረው ይበላሉ። ጀርባ የሚሰጠው ሰው አልተገኘም። አስቴር «ግማሹ ወንበሬ ሥራ ፈታ» ብላ ስታማርር እትዬ ባሎቴ፣ «ሥዕል ማለት ይኼ ነው! የሰውን ወንበር ያዞራል» አለች።

የምሽቱ ሽርሽርም እንዲህ ተጀመረ። የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰው ከጭማቂ ቤቱ ይነሣና ከሱቅ ሱቅ እየዞረ ሥዕል ያያል። «የሥዕል ወክ» አለችው። መጨረሻው ተመልሶ እኛ ቤት፣ ስፕሪስ ላይ ነው። ወጣቶቹ ከዚያ ቀጥለው ወደ ጭፈራ ቤት ቢሄዱ አትከለክልም። ከዚያ በፊት ግን አይሆንም። «አይቶ የሚጠጣ ይጠጣ። ጠጥቶ የሚያይ ግን እያንዳንዱን ሁለት ስለሚያይ ሥዕል አይበቃንም።»

እኔ አልሄድም አልኩ። ባል የሌላት ሴት፣ በምሽት፣ ከወጣት ጋር።

«ለማኅሌት በሌሊት ትወጫለሽ» አለችኝ። «ምሽት ያስፈራሻል?»

«ያ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ እትዬ።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። እኔም ማንጎዬን አስቀምጬ አየኋት።

«ስሚኝ፣ የሜሮን እናት። የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ልጅ ሆኜ ካምባ ውስጥ ለንግሥ ከሰው ጋር ተጋፍቼ ገብቼ አይቻለሁ። ፈረሱን፣ ክንፉን፣ ያንን ቀይ። የእኛ ጸሎት ቤት ግድግዳው ነጭ ነው። ነጭነቱን እወደዋለሁ፤ ልብ ያሳርፋል። ግን አንቺ ዓይንሽ በልቶ ያደገ ነው። እኔን ነው የራበኝ።»

ከዚያ በኋላ አንድም ወር አልቀረሁም። ልጄን ሜሮንንም ይዤ ሄድኩ። መብራት በጠፋ ምሽት የባጃጅ ሾፌሮቹ ተሰልፈው የፊት መብራታቸውን ወደ ሱቆቹ ያበሩልናል። በዚያ ብርሃን አዞው ሲንቀሳቀስ ያየች አንዲት ሴት ጫማዋን ጥላ ሮጣለች። እትዬ ባሎቴ ጫማውን በክብር አንሥታ «ምርጥ ተመልካች!» ብላ አጨበጨበችላት።

አሁን ወደ ድንኳኑ ልምጣ።

ዝናብ ጠንክሮ በመጣ ጊዜ ወኩ ተቋረጠ። ሰው በጭቃ ከሱቅ ሱቅ አልዞር አለ። እትዬ ባሎቴ «እንግዲያው ሥዕሎቹ አንድ ላይ ይሰብሰቡ» አለች። ቦታ ግን የለም። ሄዳ የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች ጠየቀች። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ «ምን አጋጠመሽ?» ሲላት «ብዙ እንግዳ አለብኝ» አለችው። ውሸት አልነበረም። የሠርግ እንግዳ መስሎት ሰጣት።

ከቤቷ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ድንኳኑ ተተከለ። ወንበሮቹ ዙሪያውን ተደረደሩ። ሥዕሎቹ በውስጥ በኩል ተሰቀሉ። መግቢያው ላይ ዳዊት የሣለው የጋሽ ቶማስ ሥዕል ቆመ። ጋሽ ቶማስ ከአባያ ሐይቅ ዓሣ የሚያወጡ፣ ሲቀላ ውስጥ የማያውቃቸው የሌለ ሽማግሌ ናቸው። እትዬ ባሎቴ ሥዕሉን ወንበር ላይ አቆመች። እኔ ዙሪያውን ነጭ ነጠላ አለበስኩት። ከሥሩ አበባ አስቀመጥን። ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለን አየነው። በጣም አማረልን። ከዚህ ሌላ ሥዕል በክብር ሲቀመጥ የት አይተን እናውቃለን?

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። መጀመሪያ ከደጋ ቅቤ ይዘው የወረዱ ሴቶች መጡ። ድንኳኑን አዩ፣ ሥዕሉን አዩ፣ ቅቤያቸውን ከደጅ አስቀምጠው እያለቀሱ ገቡ። ከእነሱ ኋላ ሌላ ሰው ገባ። ከዚያ ሌላ። ወዲያው ወንበሩ ሞላ።

«አየሽ?» አለችኝ እትዬ ባሎቴ፣ እጄን ጨምቃ። «ሕዝቡ ሥዕል ይወዳል አላልኩሽም? እንባ አውጥቶ እኮ ነው የሚያየው!»

ሰው ግን አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ነበር የሚያየው። ወደ ሥዕሎቹ ዓይኑን ያነሣ የለም። ይህ ከነከናት። መሀል ድንኳኑ ቆማ ለአንድ ትልቅ ሰውዬ፣ «ቀና በይ እንጂ ጋሼ! ለማየት አይደል የመጣሽው?» አለች።

ሰውዬው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «በምን ዓይናችን እህቴ» አሉ። ተነሡና ጨበጧት። «እግዜር ያጥናችሁ። መቼ ነው ያረፈው?»

«ማን?»

«ቶማስ ነዋ።»

«ቶማስማ ጭማቂ ቤቱ ተቀምጦ ማንጎ እየጠጣ ነው!»

በዚህ መሀል ጫጫታውን የሰሙት ጋሽ ቶማስ ብርጭቋቸውን እንደያዙ መግቢያው ላይ ብቅ አሉ። አንዲት ሴት ጮኸች። አንዱ ከአግዳሚው ወደ ኋላ ወደቀ። ከቅቤ ሻጮቹ አንዷ የወንድማቸው ሚስት ኖራ፣ ተነሥታ በነጠላዋ ትመታቸው ጀመር። «በከንቱ አስለቅሰኸኝ! በከንቱ!» ጋሽ ቶማስ ብርጭቋቸው እንዳይፈስ ወደ ላይ ይዘው እየሸሹ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ በዓይናቸው ለቀሙ።

«ደግ ሰው ነበር ስትይ ሰማሁሽ» አሉ አንዷን። «ትናንት ዓሣህ ሸተተ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

ሳቁ ድንኳኑን ሊነቅለው ደረሰ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው ዛሬም ልቤ ይሞቃል። ሰው ለለቅሶ ብሎ ሥራውን ትቶ መጥቷል፣ ለቅሶው ግን ቀርቷል። እናም ዓይኑን ጠርጎ ቀና አለና ሥዕሎቹን ማየት ጀመረ። እስኪመሽ የሄደ የለም። ጋሽ ቶማስም ከሥዕላቸው አጠገብ ቆመው «ሰው ሞቶ የማይሰማውን እኔ ቆሜ ሰማሁት» እያሉ የመጣውን ሁሉ ሲጨብጡ ዋሉ።

ደስታው ግን አልቆየም። የእድሩ ዳኛ አቶ ወንድሙ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሕግ ካሉ ሕግ ነው። በሞት ቀልዳለች፣ የለቅሶ ድንኳን መጫወቻ አድርጋለች፣ ከእድሩ ትውጣ የሚል ነገር ተነሣ። ለእሁድ ስብሰባ ተጠራች።

ቅዳሜ ሲመሽ ቤቱን ስንዘጋ እትዬ ባሎቴ ብርጭቆ ታጥባለች። የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። ቀልድ የለም።

«የሜሮን እናት፣ እድሩ ካስወጣኝ ማን ይቀብረኛል?»

ልጅ የላትም። ወንድሞቿ ካምባ አልቀዋል። ከዘመድ ያላት እድሯ ብቻ ነው።

«እግዚአብሔር አለ፣ እትዬ» አልኳት።

«እግዚአብሔርማ አለ። አካፋ የሚይዝ ሰውም ግን ያስፈልጋል።»

የያዘችውን ብርጭቆ ተቀብዬ አደረቅሁላት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባላት ሁሉ በሰፈሩ ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። አቶ ወንድሙ ተነሡ። «ወይዘሮ ባሎቴ፣ ሁለት ነገር እንጠይቅሻለን። ይቅርታ በይ። ይህን የሥዕል ነገርም ሁለተኛ አላነሣም በይ። ያኔ እንደ ቀድሞሽ ትኖሪያለሽ።»

እትዬ ባሎቴ ተነሣች።

«ሰው ስላስደነገጥኩ ይቅርታ። ስላስለቀስኩም ይቅርታ። ሳልናገር ድንኳን መውሰዴም ጥፋት ነው፣ ቅጡኝ። ሁለተኛውን ግን አልልም።»

ጉርምርምታ ሆነ።

«ይህ ድንኳን ሰው እስኪሞት ታጥፎ ይጠብቃል» አለች። «እኛም እንደሱ ነን። ከዚህ ሰፈር ከብዙው ሰው ጋር የተያየሁት ለቅሶ ላይ ብቻ ነው። እሱም አቀርቅሬ። ያን ቀን ቀና ብላችሁ አየኋችሁ። ጥርሳችሁን አየሁ። እኔ ስሞት እንድትቀብሩኝ እፈልጋለሁ፤ ግን ሳልሞት ካላያችሁኝ ማንን ትቀብራላችሁ?» ተቀመጠች።

አቶ ወንድሙ መዝገባቸውን ገለጡ። «ሕጉ ግን...» ብለው ሲጀምሩ ጋሽ ቶማስ ተነሡ። ከዋርካው ጀርባ ሄደው፣ ከዝናቡ በኋላ ከበቀለው ሣር ጭብጥ ሙሉ ነቅለው ተመለሱ። በሁለት እጃቸው ይዘው አቶ ወንድሙ እግር ሥር ተንበረከኩ።

በጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ሣሩን ተሻግሮ የሚሄድ የለም። ደሙ የፈላ ሰው እንኳ ይቆማል።

«የተለቀሰው ለእኔ ነው» አሉ ጋሽ ቶማስ። «የሞትኩት እኔ ነኝ። ከሳሽ ካለ መክሰስ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ አልከሰስኩም። ማሩልኝ።»

አቶ ወንድሙ ጎንበስ ብለው አነሷቸው። ነገሩ በዚያው አለቀ። ቅጣቷ የእድሩን ድስት ሁሉ ማጠብ ሆነ። አብሬያት አጠብኩ፤ ከድስቱ ይልቅ ወሬዋ አደከመኝ።

አቶ ወንድሙ ግን ሕግ ወዳድ ናቸውና አንድ ነገር አላለቀላቸውም። «ድንኳኑ ለለቅሶም ለሥዕልም ከዋለ ሰው እንዳይሳሳት ምልክት ያስፈልጋል» አሉ። አንዱ «ፊኛ» አለ። «የልጅ ልደት ይመስላል» ተባለ። ሌላው «ባንዲራ» አለ። «ቀበሌ ይመስላል» ተባለ። ጋሽ ቶማስ ጉልበታቸውን እያራገፉ፣ «ሙዝ ስቀሉ! ለቅሶ ቤት ደጃፍ ሙዝ የሚሰቅል ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ። በሳቅ ጸደቀ።

ከዚያ ወዲህ የሥዕል ቀን ሲሆን ድንኳኑ መግቢያ ምሰሶ ላይ ሙሉ የሙዝ ዘለላ ይሰቀላል። የገባ ሰው አይቶ ሲወጣ አንድ ቆርጦ ይሄዳል። ከዘለላው የመጨረሻው ሙዝ ሲወሰድ ዝግጅቱ አበቃ ማለት ነው። ሜሮንም የመጀመሪያ ሥዕሏን ያሳየችው በዚያ ድንኳን ነው። ሁለት ጊዜ «ገና ነው» ተብላ አልቅሳለች። በሦስተኛው «በስሏል» ተባለች። ዛሬ ሥዕል እየተማረች ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። እትዬ ባሎቴንም እሱ ይክፈላት፤ እኔ አልችልም።

ያረፈችው በእንቅልፏ ነው። ጠዋት ቤቱ ሳይከፈት ቀርቶ እኔ ነኝ ያገኘኋት። ፊቷ ላይ ጭንቀት አልነበረም።

በቀብሯ ዕለት አካፋ ጠፋ። አልነበረም ማለቴ አይደለም። ዳዊት ከሙሉጌታ ይቀማል፣ ሙሉጌታ ከባጃጅ ሾፌሮቹ ይቀማል፣ ጋሽ ቶማስ «እኔ ለእሷ ቀድሜ ሞቼላታለሁ፣ ስጡኝ» ይላሉ። መጨረሻ ላይ አቶ ወንድሙ ኮታቸውን አውልቀው እኔን አስያዙና አካፋውን ነጥቀው ገቡበት።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶው ሲነሣ ወጣቶቹ ድንኳኑን ሊያወርዱ ገመድ መፍታት ጀመሩ።

«ተዉት» አሉ አቶ ወንድሙ። «ነገ ምን ቀን ነው?»

ቅዳሜ ነበር። የወሩ መጨረሻ።

በማግሥቱ ጠዋት ወንበር ስጠርግ አቶ ወንድሙን ከሩቅ አየኋቸው። ትልቅ የሙዝ ዘለላ በትከሻቸው ተሸክመዋል። የሙዙ ወተት ነጭ ጋቢያቸው ላይ ወርዶ አበላሽቶታል፤ አይለቅም። ማንንም ሳያስነኩ ራሳቸው ምሰሶው ላይ ሰቀሉት። ሙሉጌታ ከፀጉር ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው ከሱቁ፣ እያንዳንዱ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል ይዞ መጣ። አስቴር አዞውን በባጃጅ አመጣችው፤ አፉ በጎን ወጥቶ መንገደኛውን ሁሉ እያስደነገጠ።

ረፋዱ ላይ አንዲት የደጋ ሴት ገባች። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ወሬው ዘግይቶ የደረሳት መሆኑ ያስታውቃል። አንገቷን ደፍታ አግዳሚው ዳር ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ። እኔ ብዙ አልናገርም። ግን የሚናገር ሌላ ሰው አልነበረም።

«ቀና በይ እህቴ» አልኳት። «ደጃፉን አላየሽም?»

«ሞተች ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

«አዎ፣ ሞታለች። በደንብ አድርገን ቀብረናታል። አሁን ቀና በይና እይ።»

ከዘለላው አንድ ሙዝ ቆርጬ ሰጠኋት። እጇ ላይ ይዛው ቀና ስትል ከአዞው ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። «እናቴ!» ብላ ወደ ኋላ ዘለለች። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ጥግ ሸፍና ሳቀች። ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች።

እኔም ተነሥቼ ሄድኩና የአዞውን ፍሬም በጥፍሬ መታ መታ አደረግሁት።